ባለቤቴን ንብ የነደፋት የመስቀል ሰሞን

የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደችው ክረምቱ ሲገባ ነበር። መስቀል ሲደርስ ገና አንገቷ በቅጡ አልጠናም፤ ቢሆንም ባለቤቴ ወላጆቿ ዘንድ ሳንሄድ በዓሉ እንዲያልፍ አልፈለገችም። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ደመራ አንለኩስም። ግን ለመስቀል አገር ቤት ያልገባ ጉራጌን ሰው ምን ሆነ ብሎ ይጠይቃል፤ ወይ ታሟል፣ ወይ ተጣልቷል። አራስ ልጅ ያላትማ ጨርሶ አትቀርም። አያት እየጠበቀች ነው።

በዚያን ዘመን እኔ ወልቂጤ ውስጥ ትንሽ የብየዳ ቤት ነበረኝ። ከተማዋ የዞን መቀመጫ ከሆነች ወዲህ በየአቅጣጫው ቢሮ ይሠራ ስለነበር የበርና የመስኮት ሥራ አይጠፋም። ለበዓሉ ለአማቴ ለባለቤቴ እናት የብረት አልጋ በራሴ እጅ ሠራሁላቸው። ወገባቸውን ያማቸው ነበር፤ ከመደብ መነሳት አቅቷቸው ሳያቸው አንጀቴን በልቶኝ ነው። አልጋውን እግሮቹን ወደ ሰማይ አድርገን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አሰርነው። ሚኒባሱን ኮንትራት ነበር የያዝነው። ሹፌሩ የቡታጅራ ልጅ፣ ስልጤ፣ ከኔ በዕድሜ ትንሽ የሚያንስ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። እንድብርን አልፈን ጉንችሬ እስክንደርስ ልጅቷን በመስታወቱ እያየ ሲያጫውታት ነበር፤ ትሰማው ይመስል።

የባለቤቴ ወላጆች ቤት ከጉንችሬ ወጣ ብሎ ነው። ከደጃቸው ፊት ጀፎረ አለ፤ በሁለት ወገን ቤቶች የተደረደሩበት ሰፊ የሣር ሜዳ መንገድ። ከጀፎረው ዳር አንድ ትልቅ ዝግባ ቆሟል፤ የባለቤቴ አባት ከቀፎዎቻቸው አንዱን ዝቅ ያለ ቅርንጫፉ ላይ ሰቅለውታል። ዓመት ዓመት እዚያው ነው። ሰውም ከብትም ከስሩ ያልፋል፣ ንቦቹም ማንንም አይነኩም።

ስንደርስ ጎረቤቱ ሁሉ እልል እያለ ወጣ። ባለቤቴ ልጅቷን በነጠላ ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ወረደች። እኔ ዕቃ ለማውረድ ወደ ኋላ ስዞር ሹፌሩ መኪናውን ወደ በሩ ለማስጠጋት ወደ ኋላ መለስ አለ። ዝግባውን አይቶታል፤ ያላየው ጣሪያው ላይ ያለውን የአልጋ እግር ነው። የአልጋው እግር ቀፎውን ከስር ያዘውና ገነጠለው። ቀፎው መሬት ላይ ወድቆ ለሁለት ተሰነጠቀ።

ከዚያ ድምፁ መጣ። የብየዳ ማሽን ሲሞቅ የሚያሰማውን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ እሱን ይመስላል፣ ግን ከሁሉም አቅጣጫ ነው የሚመጣው። አየሩ ጠቆረ። ሴቶቹ እየጮኹ ተበተኑ። የባለቤቴ አባት «ወደ እንሰቱ! ወደ እንሰቱ ግቡ!» እያሉ ሲጮኹ ይሰማኛል።

ባለቤቴ አልሮጠችም። ከመኪናው አጠገብ ተንበርክካ ልጅቷ ላይ እጥፍ ብላለች። ጀርባዋን ለንቡ ሰጥታ፣ ግንባሯን መሬት አስነክታ፣ ልጅቷን በሆዷና በጉልበቷ መካከል ሸሽጋታለች። ጃኬቴን አውልቄ ከነጭንቅላቷ ሸፈንኳትና እየጎተትኩ ወደ ጓሮ ይዣት ሮጥኩ። እንሰቱ ውስጥ ስንገባ ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች ፊታችንን እየጠረጉን አለፉ፤ ንቦቹም ቀስ በቀስ ቀሩ።

አማቴ ከኋላችን ደረሱ። ልጅቷን ከእናትዋ እቅፍ ነጥቀው ገላለጧት። አንገቷን፣ ጆሮዋን፣ የእግሯን ጣቶች ሳይቀር አዩ። አንዲትም ንብ አልነካቻትም። እየጮኸች ነበር፤ ጩኸቷ ግን የቁጣ ነው። አማቴ «ጌታ ይክበር!» ብለው አለቀሱ፤ እኔና ባለቤቴ ሳቅን። እውነቴን ነው፣ ሳቅን። ሁሉ ነገር ያለፈ መስሎን ነበር።

እሷን የነደፏት ጥቂት ናቸው። አንገቷ ላይ፣ ከጆሮዋ ጀርባ፣ የእጆቿ መዳፍ ጀርባ ላይ። የንብ እሾህ ከነመርዝ ከረጢቱ ቆዳ ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ አማቴ ጊዜ ሳይሰጡ በጥፍራቸው እየፋቁ አንድ በአንድ አነሱላት። ሹፌሩ ግን በሌላ በኩል ሮጦ ስለነበር መንጋው ተከትሎት ፊቱን አበላሽቶታል። አንድ ዓይኑ ወዲያው መዘጋት ጀመረ። የሁላችንም ሐሳብ እሱ ላይ ነበር።

«መዳፌን ይበላኛል» አለች ባለቤቴ።

«የትኛውን? የነደፉሽን?»

«አይ፣ ውስጡን። እግሬንም ከስር። ጭንቅላቴንም።»

አንገቷን ሳይ ቀልቷል። ቅላቱ እያየሁት ወደ ደረቷ ወረደ፤ ንብ ያልደረሰበት ክንዷ ላይ ሳይቀር ሳማ የለበለበው ይመስል ቆዳዋ በትልልቁ ተጉረበረበ። ከዚያ ሆዴን ብላ አጎነበሰችና አስመለሳት። ቀና ስትል ከንፈሯ የሷ ከንፈር አልነበረም።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው በጋ ወልቂጤ ቤታችን በር ላይ አንዲት ንብ ረግጣ እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጦ ነበር። ሥጋዋ አልተስማማውም ብለን በበረዶ ይዘነው አለፈ። ከዚያ በኋላ አንስተነውም አናውቅም።

ከጎረቤት የመጡ አንዲት አሮጊት «ዓይን ነው፤ ልጅቷን ይዛ ስትወርድ ያየ ሰው አለ» አሉ። ሌላዋ ወተት አመጡ፤ ወተት መርዝ ያበርዳል አሉኝ። ጣሳውን ተቀብዬ ወደ አፏ አስጠጋሁት። መዋጥ አቃታት። ወተቱ በከንፈሯ ጥግ ፈሰሰ፤ አሳላት፤ ሳሉ ደግሞ የውሻ ጩኸት ዓይነት ሆነ።

የባለቤቴ አባት በዚህ መሃል ደረሱ። ፊቷን አዩና ጣሳውን ከእጄ ወሰዱ።

«አታጠጣት» አሉኝ። «ይህን አይቻለሁ። ማር ስንቆርጥ አብሮኝ የነበረ ሰው እንዲህ ነው የሆነው። ቤቱ አልደረሰም። መኪና! አሁን!»

መኪናው ያለው ግን ከዝግባው ስር ነው። በሩ እንደተከፈተ ቆሟል፤ መንጋው ጣሪያውንም ውስጡንም ሞልቶታል። ከእንሰቱ መሃል ሆኜ አየዋለሁ፤ ድንጋይ ብወረውር ይደርሳል። ሌላ መኪና በአካባቢው የለም። ሞባይል የሚባል ነገር በዚያን ጊዜ ወደ እኛ አገር አልመጣም። በቃሬዛ ብንሸከማት ጉንችሬ ስንደርስ ምን ይዘን እንደምንደርስ ለማሰብ ፈራሁ።

ሹፌሩ ተነሳ። አንድ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል።

«እኔ አመጣዋለሁ» አለ።

«አንተን ሊጨርሱህ ነው እኮ!» አልኩት።

«እኔን ነድፈውኛል፣ ይኸው ቆሜያለሁ። እሷ ግን ...» አለና ሳይጨርሰው ቀረ።

የባለቤቴ አባት የደረቀ የእንሰት ቅጠልና ኩበት አጣምረው ለኮሱ፤ ነበልባሉን አፍነው ጭሱን አበዙት። ሹፌሩ ራሱን በጋቢ ጠቀለለ። ሁለቱ ጭሱን ከፊት ይዘው ጎንበስ ብለው ሄዱ። «ቢስሚላህ» ሲል ሰማሁት። ከዚያ በጭሱ ውስጥ ጠፉ።

እኔ ባለቤቴን ደረቴ ላይ አስደግፌ ቁጭ ብያለሁ። ትንፋሿ ወደ ውስጥ ሲገባ ያፏጫል። ስሟን እየጠራሁ አናግሪኝ አልኳት። «ልጄን» አለች። ድምፁ የሷ አይደለም፤ ከጉድጓድ የሚወጣ የሽማግሌ ድምፅ ነው። «ልጄን አደራ።»

«ዝም በይ! ራስሽ ታሳድጊያታለሽ» አልኳት። ወዲያው ደግሞ ዝም በይ በማለቴ ደነገጥኩ፤ ዝም እንዳትል ነበር የፈለግኩት።

ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ። ሹፌሩ መኪናውን ይዞ ጀፎረውን ወደ ታች በረረ፤ ርቆ ሄዶ ቆመ፤ በሮቹን ሁሉ ከፈተና በጋቢው እየመታ ንቦቹን አባረረ። ጡሩምባ ነፋ። ባለቤቴን ተሸክሜ በእንሰቱ ውስጥ ለውስጥ ሮጥኩ። አማቴ ልጅቷን ይዘው ከፊት ተቀመጡ። የባለቤቴ አባት አብረውን መምጣት አልቻሉም፤ መንጋው ወደ ታሰሩት የጎረቤት ከብቶች ዞሮ ስለነበር፣ እሱን የሚያበርድ ከሳቸው በቀር ማንም የለም። የመኪናውን መስኮት ይዘው ጥቂት ሮጡና ለቀቁት።

መንገዱ የክረምት ጭቃ አልለቀቀውም። ሹፌሩ በአንድ ዓይኑ ይነዳል። አማቴ እየጸለዩ፣ እሱ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያለ፣ አልጋው ከጣሪያው ላይ እየተንቋቋ ጉንችሬ ገባን።

ጤና ጣቢያው ዝግ ነው። ዘበኛው ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ወጣና «በዓል አይደል? ነርሱ ቤቱ ነው ያለው፤ ከገበያው ጀርባ» አለ። በጨዋ ደንብ ሊያስረዳን አቅጣጫውን በእጁ መጠቆም ሲጀምር ሹፌሩ ይዞት መኪናው ውስጥ አስገባው።

ነርሱ ከቤቱ ሲወጣ እጁ በክትፎ ቅቤ እንደወዛ ነበር። ወጣት ነው፤ ለበዓል የለበሰው ነጭ ሸሚዝ ገና ከማጠፊያው የወጣ ይመስላል። ምን ሆና ነው ብሎ አልጠየቀም። በመኪናው በር ጎንበስ ብሎ ከንፈሯን አየ፣ ትንፋሿን አዳመጠ፣ የልብ ምቷን ያዘ።

«ንብ ነው?»

«ንብ ነው።»

«ንዳ!» አለው ሹፌሩን፤ እግሩን እንኳ ገና ሙሉ በሙሉ አላስገባም ነበር።

ጤና ጣቢያው ውስጥ አልጋ ላይ ቀጥ አድርጌ ላስቀምጣት ስል ያዘኝ። «አስተኛት። የደም ግፊቷ ወርዷል፤ አሁን ብትቆም ልቧ ባዶውን ነው የሚመታው።» ስትተኛ ያፍናታል አልኩት። ጋቢውን አጣጥፎ ትከሻዋን ጥቂት ብቻ ከፍ አደረገላት፣ እግሯን ወንበር ላይ ሰቀለው። ከዚያ ትንሽዬ ብልቃጥ ሰበረና በመርፌ ቀዳ። ጭኗን ከውጭ በኩል ወጋት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አየሁት።

«አሁን እንጠብቅ» አለ።

ያ መጠበቅ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ረጅም ሊሆን አይችልም። ጣቶቿን ይዤ ጥፍሮቿን እያየሁ ነበር፤ ሰማያዊ ሆነዋል። አማቴ ከደጅ ልጅቷን እያባበሉ ይዘምራሉ፤ ልጅቷ ርቧታል። ነርሱ በክንዷ ፈሳሽ ሰቀለላት፣ ሌሎች መርፌዎችም በዚያው ቱቦ ሰጣት፤ ዓይኑን ግን ከአፏ አያነሳም።

መጀመሪያ ፉጨቱ ቀጠነ። ከዚያ አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ሌላም ሳበች። ዓይኗን ገልጣ «ልቤ ሊወጣ ነው» አለች፣ እጇም ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔ ደነገጥኩ፤ ነርሱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«እሱ መድኃኒቱ ነው። ይምታ።»

ትንሽ ቆይቶ ሹፌሩን አየው። የሹፌሩ ፊት እንደ ዱባ አብጧል፤ ሊያሳክመን እንጂ ሊታከም የመጣ አይመስልም። ነርሱ የተረፉትን እሾሆች ፋቀለት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተነከረ ጨርቅ ሰጠው፣ ክኒን አዋጠው።

«እሱን የበለጠ ነድፈውታል እኮ» አልኩት።

«አዎ። ግን የሱ እብጠት የተነደፈበት ቦታ ላይ ነው፤ ይቆጠቁጣል፣ ያሳክካል፣ ይበርዳል። የሷ ቁጣው ከራሷ ደም ነው። ንብ ያልነካው ቦታ ሲጉረበረብ፣ ድምፅ ሲጎረንን፣ ሲያስመልስ፣ ራስ ሲዞር፣ ያኔ ቅቤም ወተትም መፈለግ የለም። ከዚህ በፊት ነድፏት ያውቃል?»

ስለ እግሯ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ወደ ጥግ ወሰደኝ። «ሊመለስ ይችላል» አለኝ ቀስ ብሎ። «መድኃኒቱ ሲያልቅ ከሰዓታት በኋላም ቢሆን እንደገና የሚነሳበት ጊዜ አለ። እኔ ዘንድ የቀረው አንድ ብልቃጥ ነው። ኦክስጅን የለኝም። ወደ ወልቂጤ መንገድ ካለው ሆስፒታል መድረስ አለብን።»

«አለብን?» አልኩት።

«እኔም እመጣለሁ» አለ። ብልቃጡን በጥጥ ጠቅልሎ በዚያ ነጭ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ አስቀመጠው።

ከኋላ ወንበር ላይ አስተኛናት፤ ፈሳሹን እኔ ይዤ ቆምኩ። ጥቂት ተጉዘን የከንፈሯ እብጠት ጎደለ፤ ልጅቷን አምጡልኝ አለችና ተኝታ አጠባቻት። አማቴ ዝማሬያቸውን ትተው ከሹፌሩ ጋር ስለ ልጆቹ ማውራት ጀመሩ። እንድብር ስንቃረብ ባለቤቴ አንገቷን ስታክ አየሁ። ከዚያ መዳፏን ጉልበቷ ላይ ትፈትግ ጀመር። ነርሱም አይቷል።

«ምን ይሰማሻል እህቴ?»

«ምንም» አለች። ድምፁ ግን ጎርንኗል።

«አቁም!» አለ ነርሱ።

መኪናው ጭቃው ላይ ተንሸራቶ ቆመ። አማቴ ልጅቷን ተቀበሉ። ጨለምለም ብሏል፤ ሹፌሩ የውስጥ መብራቱን አበራና ትንሿን ብልቃጥ እንዲያይ ክብሪት ጭሮ ጨመረለት። ነርሱ ጥጡን ፈታ። ብልቃጡ ከእጁ ቢወድቅ ብዬ ሳስብ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ሁላችንም የያዝን ይመስለኛል፣ ምክንያቱም የብልቃጡ አንገት ቀጭ ብሎ ሲሰበር በግልጽ ተሰማ። በሌላኛው ጭኗ ወጋት። «አሁን አትቁም፣ ንዳ» አለው። ከዚያ በኋላ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ የሚሰማው የሷ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ እየቆጠርን ሳይሆን እየጠበቅን ነው የሰማነው፣ ቀጥሎ ያለው ይመጣ እንደሆን።

መጣ። በሩ ላይ ዘበኛው ጣሪያውን በባትሪ እያየ «አልጋ ይዛችሁ ነው የመጣችሁት? እዚህ እኮ አለ» ሲል አማቴ በሳቅ ፈነዱ፤ ሳቁም ለቅሶ ሆነ።

ኦክስጅን ተደረገላት፤ አደረች። ነርሱም ሹፌሩም ሂዱ ብንላቸው አልሄዱም።

ጠዋት የባለቤቴ አባት መጡ። ከንቡ ጋር ሲታገሉ አምሽተው፣ ሌሊቱን በእግር ጉንችሬ ገብተው፣ በመጀመሪያው መኪና ነው የደረሱት። ምን እንደሆነች የነገራቸው ሰው የለም። በክፍሉ በር ሲገቡ አልጋውን አላዩም። ፊት ለፊት የቆምኩትን እኔን ነው ያዩት፤ ፊቴ ላይ ምን እንዳለ ሊያነቡ። እኔ ፈቀቅ አልኩላቸው። ባለቤቴ ተቀምጣ ልጅቷን ታጠባለች። ከዓይኗ ስር እብጠቱ ገና አልወረደም።

በሩ ስር ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ሁሉንም አስወግዳቸዋለሁ» አሉ። «ነገ ሰው እልካለሁ። አንድ ቀፎ አላስቀርም።»

«አባ፣ ምን አጠፉ?» አለች። «ቤታቸውን ነው ያፈረስንባቸው።»

ተከራከሩ። አባት ልጃቸው ስታሸንፋቸው ፊታቸው ላይ የሚታየውን ነገር ያኔ ነው ያየሁት፤ መሸነፋቸው ደስ ብሏቸዋል፣ መናገር በመቻሏ። በመጨረሻ ቀፎዎቹን ሁሉ ሰው ከማያልፍበት ከወንዙ ማዶ አሻገሯቸው። እሷም ወንዙን አትሻገርም።

ሐኪሙ ሲያሰናብተን መድኃኒቱ ቤታችን እንዲኖር አዘዘልን፤ እሷ ስትሄድ አብሯት ይሄዳል፣ ብርሃን እንዳያገኘው በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ጊዜው ሲያልፍ ይቀየራል። መውጋቱን እንድማር ወደ ጉንችሬው ነርስ ሄድኩ። ብርቱካን ላይ ነው ያስተማረኝ። ብልቃጡን እንዴት እንደሚሰበር፣ አየሩ እንዴት እንደሚወጣ፣ ከወጉ በኋላ ደህና ሆነች ብሎ ቤት መቀመጥ እንደሌለ፣ ወዲያው ወደ ሐኪም መሮጥ እንዳለ ደጋግሞ ነገረኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ቢንቀጠቀጥም ውጋ» አለኝ። «ሲረጋጋልኝ ብለህ አትጠብቅ። እኔ ያን ቀን ይህን መድኃኒት ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነበር።»

«ለምን ያኔ አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ትስማማ ነበር?» አለና ሌላ ብርቱካን አቀበለኝ።